መልስ፦ የአፍና የመንጋጋ ካንሰር፣ የትኛው ይበዛል?

"የመንጋጋ ካንሰርና የአፍ ካንሰር አንድ ናቸው ወይ? የትኛውስ ይበዛል?" ብለህ ለጠየቅከው፦ አንድ አይደሉም፤ በብዛትም አይቀራረቡም።

አፍ ውስጥ ከሚነሱ ካንሰሮች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ የሚጀምሩት የአፍን ውስጠኛ ገጽ ከሚሸፍኑት ጠፍጣፋ ህዋሳት ነው። ሐኪሞች ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይሉታል። በተለይ የምላስን ጎንና ከምላስ ሥር ያለውን ቦታ ይወዳል። ትንባሆና አልኮል ዋነኛ መንስኤዎቹ ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ አደጋው በጣም ይብሳል። ከቀሪው ውስጥ የምራቅ ዕጢ ካንሰርና ሊምፎማ (ከነጭ የደም ህዋሳት የሚነሳ ካንሰር) ይገኙበታል። ሜላኖማ (ቀለም ከሚሰሩ ህዋሳት የሚነሳ ካንሰር) ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ከራሱ ከመንጋጋ አጥንት የሚነሳ ካንሰር ጥቂት ነው። አንዱ ኦስቲኦሳርኮማ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ጉልበት አካባቢ ነው። መንጋጋ ላይ የሚታየው ካንሰር ብዙ ጊዜ ከድድ ተነስቶ ወደ አጥንቱ የዘለቀ ነው። አሜሎብላስቶማ የሚባለው ዕጢም ሰው ያስደነግጣል። በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ግን አጥንቱን እየበላ ስለሚያድግ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

እና መንጋጋ ስላበጠ ብቻ ካንሰር ነው ብለህ አትጨነቅ፤ የጥርስ ኢንፌክሽን ከዚህ ሁሉ ይበዛል። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ያልጠፋ እብጠት ካለ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋር ሂድ። ቁርጡ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።