ለሲፒኤ ፈተና የቱን ኢሌክቲቭ ልውሰድ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) ነኝ፣ ውሎዬ ታክስ ላይ ነው። የኮርስ ምዝገባ በደረሰ ቁጥር የቱን ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ልውሰድ የሚል ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚመጣ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

ለጀማሪ ባጭሩ፦ ከ2024 ወዲህ የአሜሪካው ሲፒኤ ፈተና ሦስት የግዴታ ክፍል አለው። ፋር (የፋይናንስ ሪፖርት)፣ ኦድ (ኦዲት) እና ሬግ (ታክስና የንግድ ሕግ)። አራተኛውን ከባር፣ ከአይኤስሲ እና ከቲሲፒ አንዱን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ባር የትንተናና ከበድ ያለው ሪፖርት ነው፣ አይኤስሲ የመረጃ ሥርዓትና ቁጥጥር፣ ቲሲፒ ደግሞ ታክስ። እያንዳንዱ 4 ሰዓት ነው፣ ማለፊያው 75።

ጥያቄ፦ ሁለት ኢሌክቲቭ ብቻ ነው የቀረኝ። ታክስ 2፣ ፎረንሲክ (የማጭበርበር ምርመራ)፣ ኢንተርናሽናል አካውንቲንግ እና አድቫንስድ አካውንቲንግ አሉ። የቱን ልውሰድ?

እህቴ፣ ታክስ 2ን (የድርጅቶች ታክስ የሚሰጥበትን) ዓይንሽን ሳታሺ ውሰጂው። ብዙ ትምህርት ቤት የሚያስገድደው አንድ የታክስ ኮርስ ነው፣ እሱም በአብዛኛው የግለሰብ ታክስ ላይ ያልቃል። ሬግ ግን ከ23 እስከ 33 በመቶ የሚሆነውን የሚጠይቀው ስለ ድርጅቶች ታክስ ነው፦ ሲ ኮርፕ (ራሱ ታክስ የሚከፍል ኩባንያ)፣ ኤስ ኮርፕ (ታክሱ ወደ ባለቤቶቹ የሚያልፍ ኩባንያ)፣ ፓርትነርሺፕ (ሽርክና)። አንድ ሸሪክ የድርሻው ቤዚስ (ለታክስ የሚያዘው ዋጋ) ስንት እንደሆነ፣ ዕዳ ሲጨመር ምን እንደሚሆን፣ ንብረት ይዞ ሲገባና ይዞ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰላ፣ ይህን ሁሉ ከሪቪው (የፈተና ዝግጅት) ቪዲዮ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ መማር ያንገሸግሻል። ክፍል ውስጥ የተማረው ሰው ቪዲዮውን ለክለሳ ነው የሚያየው። ቲሲፒን ከመረጥሽ ደግሞ ያው ኮርስ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍልሻል።

ሁለተኛው አድቫንስድ ይሁን። የድርጅቶች ውህደት፣ ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ድርጅቶችን ሂሳብ ማጠቃለል)፣ የውጭ ምንዛሪ እዚያ ነው ያሉት፣ ለባር በቀጥታ ይጠቅማሉ። ባርን ባትወስጂም የፋር መሠረትሽን ያጠነክርልሻል። ፎረንሲክ ደስ የሚል ኮርስ ነው፣ መምህሩ ጎበዝ ከሆነ ውሰጂው፣ ግን ለፈተና ዝግጅት ነው ብለሽ አትውሰጂው። ኢንተርናሽናልም እንደዚያው። ከ2024ቱ ለውጥ ጀምሮ ፋር አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደንብ) አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግ ዲግሪዬ ከአዲስ አበባ ነው፣ የ3 ዓመት። ባንክ ውስጥም ሠርቻለሁ። አሁን ቨርጂኒያ ነኝ። ሁሉንም እንደ አዲስ መጀመር አለብኝ?

ሁሉንም አይደለም ወንድሜ፣ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። መጀመሪያ ትራንስክሪፕትህን የስቴቱ የአካውንቲንግ ቦርድ (ፈቃድ ሰጪው) በሚቀበለው ገምጋሚ አስገምግም። ናስባም (የስቴት ቦርዶቹ ማኅበር) የራሱ ገምጋሚ ክፍል አለው። ይህን ሳታደርግ ኮርስ አትመዝገብ። የ3 ዓመት ዲግሪ ብዙ ጊዜ ከ120 ክሬዲት በታች ሆኖ ይመጣል፣ ስንት እንደጎደለህ ሳታውቅ ብር ማውጣት አያዋጣም።

ቨርጂኒያ ለፈተናው የምትጠይቀው 120 ክሬዲት ከዲግሪ ጋር ነው። በውስጡ 24 የአካውንቲንግ እና 24 የቢዝነስ ክሬዲት መኖር አለበት። ብዙዎችን የሚጥላቸው ነገር፦ ፕሪንሲፕልስ የሚባሉት የመግቢያ ኮርሶች ከ24ቱ የአካውንቲንግ ክሬዲት ውስጥ አይቆጠሩም። ኦዲት፣ ፋይናንሻል፣ ማኔጅመንት አካውንቲንግ እና ታክስ ደግሞ የግድ መኖር አለባቸው። ጎረቤት ሜሪላንድ የራሷ ሕግ አላት፣ የኤቲክስ ኮርስም ትጠይቃለች። ስለዚህ ጓደኛህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ የወሰደውን ዝርዝር አትገልብጥ።

የኮርስ ምርጫህን በተመለከተ፣ አገር ቤት የተማርከው የኢትዮጵያ ታክስ እዚህ አይሠራም፣ ስለዚህ ታክስ 1 እና 2 ከዜሮ ነው። ኦዲትና ኮስት (የወጪ ሂሳብ) ብዙም አያስቸግሩህም። ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግን (መካከለኛውን ኮርስ) ግን ቢቆጠርልህም እንኳ ቢያንስ አንዱን እዚህ ድገመው ባይ ነኝ። አይኤፍአርኤስ የለመደ እጅ ፋር ላይ በትንንሽ ነገር ነው ነጥብ የሚጥለው። አይኤፍአርኤስ ሊፎን (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጠርበትን ስሌት) ይከለክላል፣ የአሜሪካው የሂሳብ ደንብ ጋፕ ይፈቅዳል። አይኤፍአርኤስ ሕንፃን በአዲስ ዋጋ ከፍ አድርጎ መመዝገብ ይፈቅዳል፣ ጋፕ አይፈቅድም። የልማት ወጪ እዚያ መስፈርቱን ካሟላ ንብረት ይሆናል፣ እዚህ በአብዛኛው በዚያው ዓመት ወጪ ነው። መርሁን ታውቀዋለህ፣ ግን ፈተና ላይ እጅህ በልማዱ ይሄዳል።

ዋጋው ካሳሰበህ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርሶችን ተመልከት። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ውስጥ እንደኛ የሚሠሩ ሰዎች በማታና በኦንላይን ይማራሉ። ከመክፈልህ በፊት የኮርሱን ስም ጠቅሰህ ለቦርዱ ኢሜይል ጻፍ፣ መልሱንም አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ከ120 በላይ ያለው 30 ክሬዲት አካውንቲንግ መሆን አለበት?

ለላይሰንስ በተለመደው መንገድ 150 ክሬዲት ስለሚጠየቅ ነው ይህ ጥያቄ የሚነሳው። አካውንቲንግ መሆን የለበትም። የሚፈለጉትን ኮርሶች ካሟላችሁ ቀሪው ርካሽ የሆነው ይሁን። ቨርጂኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሌላ በር ከፍታለች፦ ባችለር ከሚፈለጉት ኮርሶች ጋር፣ በዚያ ላይ የ2 ዓመት ሥራ። የ150ውም መንገድ ከ1 ዓመት ሥራ ጋር እንዳለ ነው። ማስተርስ ለክሬዲት ብቻ ብላችሁ በብድር ልትገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ጥያቄ፦ ቲሲፒ ቀላል ነው ይባላል፣ ሁሉም እሱን እየወሰደ ነው። እውነት ነው?

ቁጥሩ እውነት ነው። በ2024 ቲሲፒን ከወሰዱት 74 በመቶ ገደማ አልፈዋል። አይኤስሲ 58፣ ባር 38 ገደማ። ግን የሚፈተነው ማን እንደሆነም ተመልከቱ። ቲሲፒ ላይ የሚቀመጠው በብዛት ቀኑን ሙሉ ታክስ የሚሠራ ወይም ሬግን ገና ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። ታክስ የሚያስጠላህ ከሆነ የሌላ ሰው ቁጥር አያሳልፍህም። በሌላ በኩል ላይሰንስህ ላይ የትኛውን እንደመረጥክ አይጻፍም፣ ብትወድቅም ወደ ሌላው መቀየር ትችላለህ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ጋብቻ አታክብደው።

ጥያቄ፦ አይቲ ሠራተኛ ነኝ፣ አካውንቲንግ በማታ እማራለሁ። ዳታ አናሊቲክስ ነው ወይስ አይቲ ኦዲት?

አይቲ ኦዲት። ከዚያ የአካውንቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ኮርስ። አይኤስሲ የሚጠይቀው ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ መረጃ ደህንነትና ስለ ሶክ ሪፖርቶች (የአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ቁጥጥር ላይ የሚወጡ የኦዲተር ሪፖርቶች) ነው። ግማሹን በሥራህ ታውቀዋለህ። ዳታ አናሊቲክስ የሚባለው ኮርስ እንደ መምህሩ ነው፣ አንዳንዱ ሴሚስተሩን ሙሉ ግራፍ ማሳመር ነው። ሲለበሱን (የኮርሱን ዝርዝር) ጠይቅና ፈተናውን የሚያዘጋጀው ማኅበር ኤአይሲፒኤ በነፃ ከሚያወጣው የፈተና ብሉፕሪንት (የሚጠየቁ ርዕሶች ዝርዝር) ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው። ይህ ለማንኛውም ኢሌክቲቭ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ስለሆንኩ ለፌዴራል ሥራም ይጠቅመኛል ብዬ የመንግሥት አካውንቲንግ ልወስድ ነው።

ተጠንቀቂ። በተለምዶ የሚሰጠው ኮርስ፣ ፈተናውም ጭምር፣ የሚያተኩረው በስቴትና በከተማ አስተዳደሮች ሂሳብ ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ደንብ ሌላ ነው። ለባር ግን ይጠቅማል፣ ከ10 እስከ 20 በመቶው እሱ ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ሂሳብ ደግሞ ፋር ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። እዚህ መፈተን ይቻላል?

ይቻላል፣ ኤምሬትስ ውስጥ የፈተና ጣቢያ አለ። ግን የምታመለክችው በአንድ የአሜሪካ ስቴት በኩል ስለሆነ መጀመሪያ ስቴቱን ምረጪ፣ ኮርስ ከዚያ በኋላ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፣ ለሰፈር ሰው ታክስ እሠራለሁ። ዲግሪ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፣ እርስዎ ኢንሮልድ ኤጀንትን (የፌዴራል የታክስ ባለሙያ ፈቃድን) ይመልከቱ። ፈተናው ሦስት ክፍል ነው፣ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ደንበኛዎን ወክለው አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ፊት መቅረብ ያስችልዎታል። ደንበኞችዎ የኡበርና የታክሲ ሾፌሮች ከሆኑ ከዚያ በላይ ብዙም አያስፈልግዎትም። ኮርስ መውሰድ ካማረዎት ግን ታክስ 2ን ብቻ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ኮርሱን ጨርሼ ስንት ጊዜ ቆይቼ ልፈተን?

አትቆይ። የታክስ ሕግ ይቀያየራል፣ ቁጥሮቹም በየዓመቱ ይስተካከላሉ። ታክስ 2ን በስፕሪንግ ከወሰድክ ሬግን በዚያው በሰመር ተፈተን፣ ቲሲፒ የምትወስድ ከሆነ ወዲያው አስከትለው። ፋርን ከኢንተርሚዲየት 2 እና ከአድቫንስድ አታርቀው። ኦድ ትንሽ ቢቆይም ችግር የለውም፣ በተለይ ሥራህ ኦዲት ከሆነ። እንዲያውም በጣም የሚበዛብህ ከሆነ ወደኋላ የሚገፋው እሱ ነው።