ቀንድና ክንፍ ያላቸው ሥዕሎች፦ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የምናብ ኮሚክ ማንበብ ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ያደግሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሳጋ» የተባለ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አዋሰኝና ሦስት ጥራዝ አነበብሁ። ከሚዋጉ ሁለት ሕዝቦች የመጡ ባልና ሚስት ልጅ ወልደው ከሁለቱም ወገን ሲሸሹ የሚያሳይ የምናብ ታሪክ ነው። አባቴ የጎንደር ሰው፣ እናቴ የአስመራ ልጅ ናቸው፤ በጦርነቱ ዘመን ምን እንዳሳለፉ ግን ነግረውኝ አያውቁም። ለዚህ ይመስለኛል ታሪኩ ልቤን የነካው። ነገር ግን የራቁት ሥዕልና የብልግና ንግግር ይበዛበታል። እነዚያን ገጾች እዘላቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ተመልሼ አያቸዋለሁ፤ በቅዳሴ ሰዓት ይመጡብኛል። አንድ ወንድም ሽፋኑ ላይ ቀንድ ያለው ሰው አይቶ «የአጋንንት መጽሐፍ ነው፣ አቃጥለው» አለኝ። በዐቢይ ጾም አቁሜ ነበር። አሁን ልቀጥል ወይስ ልተወው? ሥጋ ወደሙስ መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ፣ ሳትሸፋፍን ስለጠየቅህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላዩትን መጽሐፍ ማውገዝም ማጽደቅም አይገባምና የመጀመሪያውን ጥራዝ ተመልክቼ፣ የቀረውን ከሚያውቁት ጠይቄ ነው የምመልስልህ። ታሪኩን የሚጽፈው ብራያን ኬ ቮን፣ የሚሥለው ደግሞ ፊዮና ስቴፕልስ የተባለች ሠዓሊ ናት፤ መታተም የጀመረው በመጋቢት 2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው። ለልጆች እንዳልሆነ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ከቀንዱ ልጀምር፣ ወንድማችንን ያስደነገጠው እርሱ ነውና። አላና የተባለችው ሴት ክንፍ አላት፤ ባሏ ማርኮ ቀንድ አለው። የእርሷ ሕዝብ በአንድ ዓለም፣ የእርሱ ሕዝብ በዚያው ዓለም ጨረቃ ላይ ይኖራሉ፤ ጦርነታቸው ግን ወደ ሌሎች ዓለማት ሁሉ ተዛምቷል። ልጃቸው ሄዘል ክንፍም ቀንድም ይዛ ተወለደች። እዚህ ላይ አጋንንትን የሚያስመልክ ነገር አላየሁም። ቀንድ ሁሉ የሰይጣን ምልክት ቢሆን ኖሮ ዮሐንስ በራእዩ የታረደውን በግ ሰባት ቀንዶች ያሉት አድርጎ ባላየው ነበር (ራእ. 5፥6)፤ ዘካርያስም «የመዳን ቀንድን» አስነሣልን ብሎ ባላመሰገነ (ሉቃ. 1፥69)። ሕዝቅኤል አራት ፊትና አራት ክንፍ ያላቸው እንስሶችን፣ ዳንኤል ከባሕር የወጡ አራት አራዊትን አይተዋል። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ እንግዳ ፍጥረት በሥዕል ቢያይ የሚደነግጥ ሰው የገዛ ቤቱን መዝገብ አላገላበጠም ማለት ነው። አባቶቻችን ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ወደ ግእዝ መልሰው የአራዊትንና የአዕዋፍን እንግዳ ጠባይ ለትምህርት አውለውታል። የታላቁ እስክንድርን ታሪክ፣ ዜና እስክንድርንም ሲጽፉ አረማዊውን ንጉሥ እንደ ክርስቲያን ንጉሥ የሚጾምና የሚጸልይ አድርገው አቀረቡት። የምናብ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ወደ ቤታችን ሲገባ ግን የቤቱን ሥርዓት ለብሶ ነበር የሚገባው።

በታሪኩ ውስጥ አስማት አለ፤ እውነት ነው። በኤፌሶን የተቃጠሉት ዋጋቸው ሃምሳ ሺህ ብር የሆነ መጻሕፍት (ሐዋ. 19፥19) ግን አስማት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች የሚሠሩባቸው መጻሕፍት ነበሩ። ማርኮ ሲደግም ያነበበ ሰው ደጋሚ አይሆንም፤ ሳኦል ወደ ዓይንዶር ሴት መሄዱን ስናነብ ጠንቋይ እንደማንሆን ሁሉ። ያ ወንድማችን ስለ ቅንዓቱ ይመስገን፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል እያስፈራን በአንገታችን ክታብ የምናስር፣ ልጅ ሲታመም ወደ ጠንቋይ የምንሮጥ፣ የኮከብ ቆጠራ የምናስቆጥር ስንቶች ነን? ዘዳግም 18 የሚከለክለው ይህንን ነው። ለዚህ ቢሆን እሳት የሚያስፈልገው በየቤታችን ውስጥ ነበር።

የአረማውያንን መጽሐፍ ማንበብስ? ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለዚሁ ጉዳይ ለወጣቶች ጽፏል። ሙሴ የግብፅን ጥበብ፣ ዳንኤል የባቢሎንን ጥበብ መማራቸውን አስታውሶ፣ ባለቅኔዎቹ መልካም ሰው ሲያሳዩ አድምጡ፣ ክፉ ሥራ ሲያሳዩ ግን ጆሮአችሁን ድፈኑ ይላል። አንተም ገጽ ስትዘል ይህን ምክር ልትፈጽም የሞከርህ ይመስለኛል። ታዲያ ለምን አልሆነልህም?

ባስልዮስ ሲጽፍ የነበረው ስለሚሰማና ስለሚነበብ ቃል ነው። ቃል በልብ ውስጥ ሥዕል እስኪሆን ድረስ ጊዜ አለ፤ በዚያ መሐል ሰው ሊከለክለው ይችላል። ኮሚክ ግን ሥዕሉን ጨርሶ አምጥቶ በአንድ ጊዜ ያቀርብልሃል። ገጹን ለመዝለል እንኳ መጀመሪያ ማየት አለብህ! መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃጢአት አልሸሸገም፤ ነገር ግን እንዴት እንደተረከው ተመልከት። አየ፣ ላከ፣ ወሰደ፣ ብሎ በጥቂት ቁጥሮች ያልፈዋል (2ኛ ሳሙ. 11፥2-4)፤ ከዚያ በኋላ የኦርዮን ደም፣ የናታንን ምሳሌ፣ የሕፃኑን ሞት፣ የዳዊትን እንባ በዝርዝር ያስነብበናል። በኃጢአቱ ላይ አይቆይም፤ በንስሐው ላይ ይቆያል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የሠዓሊዋ ብሩሽ በተቃራኒው በድርጊቱ ላይ ብዙ ይቆያል።

ሁሉንም ራቁትነት በአንድ ላይ አልጨፈልቅም። ታሪኩ የሚጀምረው በምጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሽፋን ላይ አላና ልጇን ታጠባለች። የሴት ምጥም የእናት ጡትም የሚያሳፍር አይደለም፤ በዚያ የተሰናከለ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ልቡን ይመርምር። ሴሰኝነት የሚሸጥበት ዓለም ላይ የተሣሉት ገጾች ግን ሌላ ናቸው። ጸሐፊው ስፍራውን ያመጣው ሊያወድሰው አይደለም፤ ባልና ሚስቱን ሊገድል የተቀጠረው ሰው እንኳ በዚያ ለባርነት የተሸጠች የስድስት ዓመት ልጅ ሲያይ ሊታገሠው አልቻለም። ይህን እመሰክርለታለሁ። ሆኖም ዓይን የሠዓሊውን ዓላማ አትጠይቅም፤ ያየችውን ትወስዳለች። ጌታችን «ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም» ብሎ በዓይንና በምኞት መካከል ያለውን መንገድ አጭር ያደረገው ይህን ስለሚያውቅ ነው (ማቴ. 5፥28)። ኢዮብም ቃል ኪዳን የገባው ከዓይኑ ጋር ነበር (ኢዮ. 31፥1)።

በዚያው መጽሐፍ ራሱ ቴሌቪዥን የሆነ ልዑል አለ። በ12ኛው እትም (ታሪኩ በየጊዜው በክፍል በክፍል ነው የሚወጣው) ላይ በጦር ሜዳ ቆስሎ ሲወድቅ፣ በራሱ መስተዋት ላይ የዝሙት ሥዕሎች ብልጭ ይላሉ፤ ሊያቆማቸው አይችልም። በ2013 ይህ እትም በእነዚያ ትንንሽ ሥዕሎች ምክንያት በአንድ የዲጂታል መሸጫ መተግበሪያ ለጊዜው ሳይቀርብ ቀርቶ ነበር። ሌሎች ስለ ሳንሱር ተከራከሩበት፤ እኔ ግን የአንተን ደብዳቤ አየሁበት። ሰው ሲደክም፣ ሲታመም፣ ለጸሎት ሲቆም ውስጡ ያከማቸው ሁሉ ሳይጠራው ይወጣል። ዲያቆኑ «ጸልዩ» ሲል የሚመጡብህ እነዚያ ገጾች ናቸው። ዳዊት «በዓይኔ ፊት ክፉን ነገር አላኖርሁም» የሚለው (መዝ. 100፥3) ዓይን ፊት የተቀመጠ ነገር እዚያው እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው።

«ተረት እኮ ነው» የሚሉህ ይኖራሉ። መልሱን ያው ታሪክ ይሰጥሃል። ማርኮ የጦር እስረኛ፣ አላና ጠባቂው ሳሉ ጠላትነታቸውን ያላላው አብረው ያነበቡት አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። እንግዲህ ደራሲው ራሱ መጽሐፍ የሰውን ልብ ገልብጦ ጠላትን ወዳጅ ማድረግ ይችላል ብሎ ካመነ፣ የእርሱ መጽሐፍ አንተን እንዳለህ ይተውሃል ብዬ እንዴት ልመን? በመልካም የሚሠራ ኃይል ያለው ነገር በክፉም ይሠራል።

ሌላም ልብ እንድትለው የምፈልገው ነገር አለ፤ ይህ አንብበህ የምትዘጋው አንድ መጽሐፍ አይደለም። 108 እትም ሊሆን የታቀደ ነው። በ2018 በ54ኛው ላይ ቆሞ፣ በጥር 2022 እንደገና ቀጥሏል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲወጣ እየጠበቁ፣ ባለታሪኮቹን እንደ ዘመድ እያሰቡ ለዓመታት አብረውት የሚኖሩት ነገር ነው። «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሠለጥንብኝም» (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። የዘለልከውን ገጽ ተመልሰህ ማየትህ ይህ መሠልጠን መጀመሩን ያሳየኛል።

ስለዚህ ለአንተ የምሰጠው መልስ፦ አትቀጥል። ለሁሉም ሰው የተቆረጠ ቀኖና አድርገህ ግን አትውሰደው፤ ይህን ተከታታይ በስሙ ያወገዘ ሲኖዶስ የለም። የምናብ ታሪክ ሁሉ ርኩስ ነው እያልሁህም አይደለም፤ ከዚህ ፈተና የጸዱ ብዙ አሉና አንብብ። በጾም አቁሞ ከፋሲካ በኋላ መመለስ ግን ለሥጋና ለወተት የሚሆን ሥርዓት ነው። ሥጋ በራሱ ርኩስ ስላልሆነ በፋሲካ ይበላል፤ ዓይንህን የሚያቆስል ነገር ከትንሣኤ በኋላ ምን ይለወጣል? ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን፣ ዕዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ኅሡም» (ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም) ሲል የዓይኑን ጾም በ55 ቀን የሚያበቃ አላደረገውም።

ሥጋ ወደሙን በተመለከተ በራስህ ፍርድ ራስህን አታግድ። ብዙ ወጣቶች እንዲህ እያደረጉ ዓመታት ያልፉባቸዋል፤ ሰይጣን የሚፈልገውም ከገጹ ይልቅ ይህንን ነው። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና ለእኔ እንደጻፍህልኝ አድርገህ ንገራቸው፤ የመጽሐፉን ስም ባያውቁት አትፈር፣ «ሥዕል ነው፣ ተመልሼ አየዋለሁ፣ በቅዳሴ ይመጣብኛል» ማለት ይበቃል። የሚሰጡህን ቀኖና ፈጽመህ በፈቀዱልህ ቀን ቅረብ። በቅዳሴ ሥዕሉ ሲመጣብህ ከእርሱ ጋር ክርክር አትግጠም፤ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያልህ ዓይንህን ወደ መንበሩ መልስ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2014 ከፍተኛ ተቃውሞ ቀረበባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 10 መጻሕፍት አንዱ ይህ ነበር፤ ከተቃውሞዎቹም አንዱ «ቤተሰብን ይቃወማል» የሚል ነው። በዚህ እኔ አልስማማም። አባትና እናት ልጃቸውን ለማዳን ሁሉን ሲተዉ የሚያሳይ ታሪክ ነው፤ ልብህን የነካውም ይህ ነው፣ በዚህ አልወቅስህም። ከ1998 እስከ 2000 በዘለቀው ጦርነት ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ፣ ከኤርትራ ወደ ኢትዮጵያ ስንቱ ከቤቱ ተባረረ፣ ስንት ትዳር በድንበር ተከፈለ! ሰው «የማን ወገን ነህ?» እየተባለ በተጠየቀበት ዘመን አባትና እናትህ አልተለያዩም። ሩት ሞዓባዊት ነበረች፤ ሕጉ ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይል ነበር (ዘዳ. 23፥3)፤ እርሷ ግን «ሕዝብሽ ሕዝቤ» ብላ ገባች፣ ከእርሷና ከቦዔዝም የዳዊት አያት ኢዮቤድ ተወለደ፣ ማቴዎስም በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስሟን ጻፈው። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በዚህ ሳምንት ከእናትህ ጋር ተቀምጠህ አንብበው። ከዚያ ጠይቃቸው፦ እንዴት ተገናኛችሁ? ጦርነቱ ሲጀመር የት ነበራችሁ? አያቶቼ ምን አሉ? ዝም ያሉት ስለረሱ አይመስለኝም፤ የጠየቃቸው ባለመኖሩ ወይም አንተን ከሐዘኑ ለመጠበቅ ብለው ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ካልተናገሩ አትጫናቸው።

መጽሐፉን አታቃጥለው፤ የአንተ አይደለም፣ የሰው ንብረት ነው። ለባልደረባህ አመስግነህ መልስለትና ለምን እንደተውከው ሳትፈርድበት ንገረው፤ ታሪኩ የወላጆችህን ነገር እንዳስታወሰህም ንገረው። ለዚያ ወንድምህ ደግሞ ስለ ቀንዱ አትከራከረው፤ መተውህን ብቻ ንገረውና በጸሎት እንዲያስብህ ለምነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።