ምጣዱ ነዘረኝ፣ ሶኬቱም ይግላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ሰበታ መውጫ ላይ ባለ የአረጋውያን መርጃ ቤት ወጥ ቤት ነው የምሰራው። ምጣዱን ስንሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ፍሪጁም እዛው ማከፋፈያ ላይ ነው። በቀደም ምጣዱን ሳስስ ነዘረኝ። የስራ ባልደረቦቼ ጫማ አድርገሽ ጋግሪ ምንም አይልሽም ይሉኛል። ብር ብዙ የለንም፣ ከየቱ እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ምጣዱን አሁኑኑ ንቀይው። ጫማ ምጣዱን አይጠግነውም፣ ነገ ባዶ እግሯን የምትነካው ሌላ ሰው ትኖራለች። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሸክላው ይሰነጠቅና ሊጡም ውሃውም በስንጥቁ እየወረደ ከስር ያለውን ሪዚስታንስ፣ ማለትም የሚግለውን ሽቦ፣ ያገኘዋል፣ ከዛ እርጥብ ማሰሻ በያዘ እጅ ስትነኪው መንዘር ነው። ሲቀዘቅዝ አክንባሎውን አንስተሽ በቀን ብርሃን ዙሪያውን እይው፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅም ብትሆን ሸክላው ይቀየር፣ የኧርዝ ሽቦውም፣ የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው፣ በትክክል መታሰሩን ኤሌክትሪሺያኑ ይይላችሁ።

የሶኬቱ ነገር ደሞ፣ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ማለት ነው፣ ተራ ማከፋፈያ ይሄን ሰዓታት ተሸክሞ አይዘልቅም። ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጡት ብሬከሮች ያሉበት) የራሱ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። እባካችሁ ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ ብላችሁ በትልቅ እንዳትቀይሩት፣ ያኔ የሚነደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፣ እናንተ ቤት ደሞ እሳት ቢነሳ ከአልጋ ተነስተው መውጣት የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉ።

ፍሪጁን ለብቻው ሰኩት፣ መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት። በሩ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከዛ ካለፈ ስጋና ወተቱን ለሽማግሌ ሆድ አትመኑት። ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ፣ ከ5 ዲግሪ በላይ መውጣት የለበትም።

ጋዝም የምትጠቀሙ ከሆነ ማታ ማታ ከሲሊንደሩ ዝጉት፣ ጎማውን በሳሙና አረፋ ፈትሹት፣ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ከሸተተሽ መብራት ሳታበሪ ሳታጠፊ በርና መስኮቱን ክፈቺ።

ብሩን በተመለከተ መጀመሪያ መስመሩና ኧርዙ፣ ቀጥሎ ሸክላው። እስከዛ እንጀራ ከውጭ ግዙ፣ ለኃላፊዎቹም ይሄን ገጽ አሳዪያቸው ሳልል አላልፍም፣ ወጪው የነሱ ነው።