የወገብ ኤምአርአይ ደህና ሆኖ እግሬ ለምን ይገትራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ47 ዓመት የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ከዓመት በላይ እግሮቼ እየገተሩ ያስቸግሩኛል፣ ከደረቴ በታችም ይደነዝዘኛል። የወገብ ኤምአርአይ ተነስቼ ደህና ነው ተባለ። ዘመዶቼ «ጓያ ነው» ይላሉ። ደሴ ያዩኝ ሐኪም የደረት አከርካሪ ኤምአርአይ አዘው «አራክኖይድ ዌብ» የሚል ውጤት መጣ፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተብያለሁ። እውነት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። የወገብ ኤምአርአይ በአብዛኛው ከዚያ በታች ያሉትን ነርቮች ስለሚያሳይ ደረት ላይ ያለው ጫና ያመልጠዋል።

ወሎ ውስጥ ጓያን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እሱም እግር ያገትራል። ስሜትን ግን እምብዛም አይነካም። በመርፌ ጫፍ ከሆድ ወደ ላይ ሲነካኩ ደረት ላይ ስሜቱ ድንገት የሚቀየርበት መስመር ከተገኘ፣ ጥርጣሬው ወደ ህብለ ሰረሰር ይዞራል። የአከርካሪ ቲቢ ቢሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ አጥንቱና ዲስኩ ተጎድተው ይታዩ ነበር።

አራክኖይድ ዌብ ብርቅ ችግር ነው፦ ህብለ ሰረሰርን ከሸፈኑት ስስ ሽፋኖች አንዱ ወፍሮ ከጀርባ በኩል ይጫነዋል። ሽፋኑ ቢወፍርም አሁንም ስስ ስለሆነ በኤምአርአይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው በህብለ ሰረሰሩ ጀርባ ላይ የፈጠረው ስርጉድ ነው፤ ከጎን ሲታይ የቀዶ ሕክምና ምላጭ ይመስላል። ህብለ ሰረሰሩ በውጪው ጠንካራ ሽፋን ቀዳዳ ወደ ፊት ሾልኮ ሲወጣም ተመሳሳይ ምስል ሊሰጥ ይችላል፤ የዚያ ኦፕራሲዮን ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን «ከህብለ ሰረሰሩ ፊት ያለው ፈሳሽ በምስሉ ይታያል?» ብለው ይጠይቁ። ከታየ ዌብ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። አጠራጣሪ ከሆነ በወገብ መርፌ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ይነሳል።

ምልክቱ እየባሰ ከሆነ አዎ፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል። ይህን ክኒንም ወጌሻም አያላቅቀውም፤ ጀርባዎን እንዳያሳሹ አደራ። በደረትዎ ተኝተው፣ ትክክለኛው አጥንት በራጅ ተቆጥሮ (ደረት ላይ መሳሳት ቀላል ነው)፣ የአጥንቱ የጀርባ ክፍል ይነሳል፤ ጠንካራው ሽፋን ተከፍቶ ዌቡ በማይክሮስኮፕ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ ሽፋኑ ፈሳሹን እንዳያሳልፍ ተደርጎ ይሰፋል። ስፌቱ ካፈሰሰ ከቁስሉ ንጹህ ፈሳሽ ይወጣል፣ ሲቀመጡም ራስ ምታት ይብሳል። ትኩሳት ከተጨመረ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና አንድ ቀን አይቆዩ።

እግር መገተሩና አረማመዱ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። የቆየ መደንዘዝና የሽንት ችግር ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ መዘግየት የማልመክረውም ለዚህ ነው። ሽንት ካልወጣልዎ ወይም እግርዎ በድንገት ከደከመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዕለቱ ሆስፒታል ይሂዱ። ወደ አዲስ አበባ ከተላኩም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ ያሉበትን ሲዲ ይያዙ።