ትእዛዙ በሁለት ደቂቃ አለቀ፣ ሲስተሙ ግን እስከ ምሳ ተንቀራፈፈ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። በሦስት ሰርቨር ላይ 12 ሃርድ ዲስክ ያለው የሴፍ ክላስተር (ዳታን በብዙ ሰርቨር ዲስኮች ላይ አከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሥርዓት) አለን፤ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ የለንም። የቨርቹዋል ማሽኖቹን ስናፕሾት (የዲስካቸውን የዚያች ቅጽበት መልክ) በየሌሊቱ አነሣለሁ፤ ወር ሲሞላ የወሩን በሙሉ በስክሪፕት እሰርዛለሁ። ስክሪፕቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሠራተኛው ሲገባ ግን ፋይል መክፈት ራሱ ምጥ ነው፤ እስከ ምሳ እንዲያ ይውላል። ስዊች ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ምን ላድርግ?
(ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ይኼን ነው፤ ስዊቹ ምንም አላደረገህም። ኬብል መቀየር የሙያችን ፓራሲታሞል ሆኗል፣ ለሁሉም ሕመም እንሰጠዋለን።

ፍንጩ ራሱ ደብዳቤህ ውስጥ አለ፦ «በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል» ብለሃል። አልጨረሰም። ትእዛዙ የሚያደርገው የስናፕሾቱን ቁጥር «ይወገድ» ከሚባሉት ጋር መመዝገብ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ፣ ስናፕትሪም የሚባለው፣ ከዚያ በኋላ በየኦኤስዲው (እያንዳንዱን ዲስክ በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይጀምራል። የአንድ ቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በተለምዶ ኦብጀክት በሚባሉ ባለ 4 ሜጋባይት ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ስናፕሾት ከተነሣ ወዲህ የተጻፈበት እያንዳንዱ ኦብጀክት የድሮ መልኩን ይዞ ይቆያል። ትሪሙ እነዚህን አንድ በአንድ ከመዝገብ ይፈልጋል፣ የድሮውን ያጠፋል፣ የዋናውን መረጃ ያስተካክላል። ዳታህን በሦስት ቅጂ ከያዝክ ይኸው ሁሉ በሦስት ዲስክ ላይ ይደገማል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ትንንሽና የተበታተነ ሥራ በሰከንድ ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ በላይ አይችልም። የ30 ሌሊት ክምር በአንድ ጊዜ ስታሸክመው ሠራተኛው ገብቶ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል።

እኔም ደርሶብኛል። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠባብ የሰርቨር ክፍል ነበረችን። የሦስት ወር ስናፕሾት ዓርብ ማታ ሰርዤ በሰላም ተኛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ አላስቀምጥ አለኝ። ሄጄ የክላስተሩን ሁኔታ «ሴፍ ኤስ» ብዬ ስጠይቅ 6 ፒጂ (ኦብጀክቶች የሚመደቡበት ቡድን) ስናፕትሪም ላይ፣ 38 ደግሞ ስናፕትሪም ዌይት፣ ማለትም ተራ ጥበቃ፣ ላይ ነበሩ። ዲስኮቹ የሚንቆረቆረው ድምፃቸው ከማራገቢያው በላይ ይሰማል። በመስኮቱ ደንገል የጫነ ታንኳ ቀስ እያለ ሲያልፍ አየሁ፤ 38ቱ 36 እስኪሆን ታንኳው ከዓይኔ ተሰውሯል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ስረዛ በኋላ ጠዋት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ በ«ሴፍ ኤስ» ያንን ቁጥር እይ። ስናፕትሪም የሚል ካገኘህ «ሴፍ ኦኤስዲ ሴት ኖስናፕትሪም» በል፤ ትሪሙ ይቆማል። ሠራተኛው ወዲያው ከተነፈሰ ጥፋተኛው ተይዟል ማለት ነው። ግን ረስተኸው እንዳትሄድ! ይህ የማገጃ ባንዲራ እስካለ ቦታ አይለቀቅም፤ ዲስክህ ወደ 85 በመቶ የተጠጋ ከሆነ ሌላ ጣጣ ታመጣለህ። ማታ ሰው ሲወጣ በ«አንሴት» አንሣው። ኦኤስዲ ሪስታርት ማድረግ ግን ምንም አይረዳህም፤ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቀጥሎ ፍጥነቱን መግራት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኦኤስዲ ስናፕ ትሪም ስሊፕ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ በአንዱና በሌላው ስረዛ መካከል ስንት ሰከንድ ይረፍ የሚለውን ይወስናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የሴፍ እትም፣ ከኩዊንሲ፣ ጀምሮ ነባሪው የሥራ ወረፋ ኤምክሎክ ነው፤ ኤምክሎክ ደግሞ ይህን ቁጥር አይሰማም። 5 ብትሰጠው፣ 50 ብትሰጠው ያው ነው። በኤምክሎክ ውስጥ የሚሠራው ለተጠቃሚ ቅድሚያ የሚሰጠውን «ሃይ ክላየንት ኦፕስ» ፕሮፋይል መምረጥ ነው። ያ ካልበቃህ ወደ ድሮው ወረፋ፣ ወደ ደብሊውፒኪው፣ ተመለስ፤ ያኔ እያንዳንዱ ኦኤስዲ ተራ በተራ ሪስታርት ይፈልጋል፣ ስሊፑም መሰማት ይጀምራል። ለናንተ ዓይነት በሃርድ ዲስክ ብቻ ለሚሠራ ክላስተር እኔ ይኼን አልፈራውም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ጣና ላይ እምቦጭ ሲነቀል አይተሃል፤ ውኃው ይጠራል፣ የተነቀለው ግን ዳር ላይ ተከምሮ ለከብቱም ለታንኳውም መተላለፊያ ይነሣል። ኦኤስዲው መዝገቡን የሚይዝበት ዳታቤዝ፣ ሮክስዲቢም፣ እንደዚያ ነው። የጠፋው መዝገብ ወዲያው አይነሣም፤ «ይህ ጠፍቷል» የሚል ምልክት ይቀመጥበታል፣ ቀጣዩን ፍለጋ የሚወጣው ትሪም በምልክቶቹ ክምር ላይ እየተረማመደ ያልፋል። ከትልቅ ስረዛ በኋላ ትሪሙ ካለቀም ወዲያ ዝግተኛነቱ ካልለቀቀህ ክምሩን ማንሣት ነው፦ «ሴፍ ቴል ኦኤስዲ.0 ኮምፓክት»፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 2። አሥራ ሁለቱንም በአንዴ ካዘዝክ ያመለጥከውን ጠዋት በእጅህ ትሠራዋለህ።

ስክሪፕቱን ደግሞ ዛሬውኑ ለውጠው። የወሩን አታከማች፤ አዲስ ባነሣህ ሌሊት 30ኛውን አሮጌ ብቻ ሰርዝ። ከዚያ በፊት አንድ መስመር ጨምርበት፦ ስናፕትሪም ላይ ያለ ፒጂ ካለ የዛሬው ስረዛ ይለፍ፣ ነገ ይሞከር።

ለሮክስዲቢው የሚሆን ኤስኤስዲ በየሰርቨሩ አንድ ቢገኝ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር፤ የግዥ ወረፋችሁን ግን እኔም አውቀዋለሁ። እስከዚያ የየዲስኩን መዘግየት የሚያሳየውን የ«ሴፍ ኦኤስዲ ፐርፍ» ውጤት ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት መዝግብና ላክልኝ። ከ12ቱ አንዱ ብቻ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ የሚዘገይ ከሆነ እሱ ዲስክ ራሱ ታሟል፣ በሱ ላይ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ።