«ትናንት ያስገባኋቸው ቪዲዮዎች ዛሬ የት ገቡ?» ለሚለው ጥያቄ

እህታችን፣ የወንድምዎን ሠርግ ቪዲዮ ከቪዲዮ አንሺው ከተዋሱት ፍላሽ ላይ በቀጥታ ሾትከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብተው ሁለት ምሽት ሲቆራርጡ እንደቆዩ፣ ፍላሹን ከመለሱ በኋላ ግን ፕሮጀክቱን ሲከፍቱ ፋይሎቹ አልተገኙም የሚል መልእክት እንደመጣብዎት ጽፈዋል። ዋናዎቹን ፋይሎች መቼ ማጥፋት እንደሚቻልም ጠይቀዋል። ከሁሉ በፊት አይደንግጡ፤ የቆራረጡት ሥራ አልጠፋም። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንዲት ክፍል የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ማቀናበር ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ በመጀመሪያው ዓመት ይኸው ድንጋጤ 3 ጊዜ ደርሶብኛል።

የሚያሳስተን «ማስገባት» የሚለው ቃል ራሱ ይመስለኛል። ሾትከትም ሆነ ኦፕንሾትና ኬደንላይቭ የተባሉት ሌሎች ማቀናበሪያዎች ቪዲዮውን ገልብጠው ፕሮጀክቱ ውስጥ አያስቀምጡትም። የሚመዘግቡት ቪዲዮው በየትኛው ድራይቭ፣ በየትኛው ፎልደርና በምን ስም እንደሚገኝ፣ እንዲሁም እርስዎ ከየት እስከ የት እንደቆረጡት ብቻ ነው። 30 ጊጋባይት ቪዲዮ የያዘ ፕሮጀክት ሲቀመጥ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ፋይል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ቦታ ሲቀይር፣ ስሙ ሲለወጥ ወይም ፍላሹ ሲነቀል ሶፍትዌሩ የብሎክ ቁጥር ተሳስቶ በኮንዶሚኒየም መካከል እንደሚንከራተት እንግዳ ይሆናል። ያው ፍላሽ ተመልሶ ቢሰካ እንኳ ዊንዶውስ ትናንት «ኢ» ያለውን ድራይቭ ዛሬ «ኤፍ» ብሎ ሊሰይመው ስለሚችል አድራሻው ላይገጥም ይችላል። በማክ ኮምፒውተር ላይ ያለው አይሙቪ የተባለው ማቀናበሪያ ግን ፋይሉን ወደ ራሱ ላይብረሪ (ማከማቻ) ይቀዳል፤ በእርሱ የሚሠራ ጓደኛዎ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም» ቢልዎት እውነቱን ነው፣ ምንም እንኳ ዲስኩ ቶሎ ቢሞላበትም።

መፍትሔው ይህ ነው። ፍላሹን መልሰው ይዋሱና ሁሉንም ፋይል ወደ ላፕቶፕዎ ይቅዱ፤ የፋይሎቹን ስም ፈጽሞ አይቀይሩ። ፕሮጀክቱን ሲከፍቱ የጎደሉት ፋይሎች ዝርዝር ይመጣልዎታል። አንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ፋይሉ አሁን ያለበትን ቦታ ያሳዩት፤ ሌሎቹን በፎልደር ውስጥ እንዲፈልግ የሚያዝ አዝራርም አለው። ሁሉም ሲገኙ ፕሮጀክቱን ያስቀምጡት።

ለወደፊቱ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ይለውጡ። ሾትከት ላይ አዲስ ፕሮጀክት ስም ሰጥተው ሲጀምሩ በዚያው ስም ፎልደር ይፈጥራል፤ ምንም ነገር ወደ ፕሮጀክቱ ከማስገባትዎ በፊት ቪዲዮውን፣ ፎቶውንና ሙዚቃውን ሁሉ እዚያ ፎልደር ውስጥ ይቅዱ። እንዲህ ካደረጉ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢወስዱትም ፕሮጀክቱ ፋይሎቹን ያገኛቸዋል። በውስጡም ለእያንዳንዱ ካሜራ የየራሱ ፎልደር ያስፈልጋል። ይህን የተማርኩት በገዛ ስሕተቴ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ካሜራዎች ፋይላቸውን በተመሳሳይ ቁጥር ሰይመውት ሳለ ሁለቱንም አንድ ቦታ ስቀዳ «ይተካ?» ለሚለው ጥያቄ ሳላነብ እሺ አልኩና የመልሱ ምርቃት ሙሉ በሙሉ በሌላ ቪዲዮ ተተካ። ካሜራው ሚሞሪ ላይ ያለው ገና ስላልተደመሰሰ ተረፍኩ።

በእኛ አካባቢ ደግሞ መብራት እንደልብ አይደለም። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ እየቀዱ ሳለ መብራት ቢጠፋ የመጨረሻው ፋይል ስሙ ቢታይም ላይከፈት ይችላል፤ ብዙ የኤምፒ ፎር ፋይሎች የይዘታቸውን ማውጫ የሚይዙት መጨረሻቸው ላይ ስለሆነ ግማሹ ብቻ የተቀዳ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አይጫወትም። ስለዚህ ቅጂው ሲያልቅ የሁለቱን ፎልደሮች መጠንና የፋይል ብዛት ያወዳድሩ። ፋት 32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ዘዴ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል እንደማይቀበልም ይወቁ።

ከእንግዶች ስልክ የሚመጣው ቪዲዮ የራሱ ጣጣ አለው። በቴሌግራም የሚልክልዎት ሰው በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲልክ ይንገሩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ተቀንሶ ይደርስዎታል። ብዙ ስልኮች ደግሞ በሰከንድ የሚይዙት የምስል ብዛት ወጥ ስላልሆነ ድምፁና የከንፈሩ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ሊለያዩ ይችላሉ። ሾትከት እንዲህ ያለ ፋይል ሲያገኝ ለማቀናበር ወደሚመች ዓይነት ልቀይረው ብሎ ይጠይቃል፤ ይስማሙ። የሚፈጠረው አዲስ ፋይል ግን የራሱ አድራሻ ያለውና ከዋናው በብዙ የሚበልጥ ስለሆነ እርሱንም በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ያኑሩት።

ዋናዎቹን ማጥፋትን በተመለከተ፣ ኤክስፖርት ያደረጉት፣ ማለትም ቀናብሮ ያለቀ አንድ ፋይል አድርገው ያወጡት ቪዲዮ ራሱን የቻለ ስለሆነ ፋይሎቹ ቢጠፉም ይጫወታል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንዲት ሰከንድ እንኳ ማስተካከል አይችሉም። ቤተሰብ ደግሞ ቪዲዮውን አይቶ «አክስታችን የት አለች?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ቤተሰቡ እስከ መጨረሻው አይቶ እሺ እስኪል ድረስ ሚሞሪውንም አልደመስስም፣ የፕሮጀክቱን ፎልደርም ከሃርድ ዲስክ አላጠፋም።