ዘጠኝና ሁለት፣ ዐሥራ አንድ

ጥያቄ፦ ባለፈው ኅዳር ከዋሽንግተን ለሥራ ቃለ መጠይቅ «በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 9፡00» ተባልኩ። ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነው ብዬ ከቀኑ 10 ሰዓት ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ በንዴት ዘጋሁት። ለካ የቀጠሩኝ 11 ሰዓት ኖሯል! የት ተሳሳትኩ?
ቀጠሮ ያመለጣት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የከዳሽ ወሩ ነው። አሜሪካኖች በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እኛ ዓመቱን ሙሉ አንነካውም። ስለዚህ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ ድረስ ልዩነቱ ስምንት ነው።

እኔ ዋሽንግተን ላለው ወንድሜ ስደውል አቋራጭ አለኝ። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ስለሚለይ፣ በእሱ ሰዓት ላይ በብርዳቸው ወራት 2፣ በሙቀታቸው 1 እጨምራለሁ። (ክረምት ያላልኩት የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ስለሆነ ነው።) ዘጠኝና ሁለት፣ ዐሥራ አንድ። ቀኑ ግን እንዳያምታታሽ፤ ጥር ላይ እሱ በፈረንጅ ማታ 10 ሰዓት ሲደውል፣ እኔ ጋ የማግሥቱ ንጋት 12 ነው።

ለሰዎቹ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቀሽ ጻፊ። አዲሱንም ቀጠሮ «በአዲስ አበባ 17፡00» ብለሽ አስቀምጪው።